ሁለተኛው «እሺ»

መጀመሪያ የተጣላነው በኪስ ምክንያት ነው።

የምሠራው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ሱቅ ነበር። የተማሪ ሸሚዝ፣ የነርስ ጋዋን፣ የጥበቃ ኮት፣ ብቻ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲመስል የሚለበስ ነገር በሙሉ በእጄ ያልፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ገባ። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ቅባት አለ፤ ሸሚዙ ግን በጥንቃቄ የተተኮሰ ነው። ወረቀቱን የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«እንደዚህ ዓይነት ቱታ ትሰፉልኛላችሁ?» አለኝ።

ሥዕሉን ሳየው በእጄ የያዝኩትን ጠመኔ አስቀመጥኩ። አመድማ ቱታ ነው፤ ኮሌታው የቆመ፣ ትከሻው ላይ ድርብ ስፌት ያለው፣ ደረቱ ላይ አንድ ሰያፍ ኪስ።

«ኪሱ በግራ አይደለም» አልኩት።

«እ?»

«የካፒቴኗ ኪስ በቀኝ ነው። ወደ ግራ ያዞሩት በኋላ ነው፣ ልብሱን ሲቀይሩላቸው።»

«በግራ ነው እንጂ። ስንት ጊዜ ያየሁት መሰለሽ?»

«የፈለግከውን ያህል እየው። እሷ ግራኝ ናት። በግራ እጇ ከግራ ኪሷ ምን ልታወጣ ትችላለች?»

ግራ እጁን ወደ ግራ ደረቱ ወስዶ ሞከረና ክንዱ ተጣመመበት። ከዚያ ወረቀቱን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም ነበር። ባለሱቋ ከኋላዬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች ሳለን በቴሌቪዥን የሚታይ አንድ ተከታታይ ፊልም ነበር፤ በመንኮራኩር ተሳፍረው ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚዞሩ ሰዎች ታሪክ። አባቴ ከሥራ እየተጣደፈ የሚመጣው ለእሱ ሲል ነበር፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቤ ዘፍ ይላል። ፊልሙ ግን ሳያልቅ ተቋረጠ። በመጨረሻው ክፍል መንኮራኩሯ እሳት ይነሳባታል፤ ካፒቴኗ ሌሎቹን ለማዳን ስትል በሩን ከውስጥ ትዘጋዋለች፤ የሚወዳት አብራሪ ደግሞ ከውጭ ሆኖ በሩን ይደበድባል። እዚያ ላይ ቀረ። ትድን ትሙት ያወቀ ሰው የለም። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፣ ነገሩ ትዝ ባለው ቁጥር «ያቺ ሴትዮ ወጣች ይሆን?» ይል ነበር።

ይህንን ነገርኩት፤ ለማላውቀው ሰው፣ ሱቅ መሃል ቆሜ። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«ልናወጣት ነው» አለኝ።

እሱ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። እሱና በየቦታው የተበተኑ የፊልሙ አፍቃሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የቀረውን የመጨረሻ ክፍል ራሳቸው ሊሠሩት ተነስተዋል። የፊልሙ ባለቤቶች ሲጠየቁ «ሥሩ፤ ግን ማንም እንዳይከፈለው፣ ፊልሙም እንዳይሸጥ» ብለው ፈቅደዋል።

«ማንም ካልተከፈለው እኔን በምን ልትከፍለኝ ነበር?» አልኩት።

«እሱን ገና አላሰብኩበትም።»

«ጎበዝ ነጋዴ ነህ።»

ሳቀ። እኔም ከሥራ በኋላ ልሰፋለት ተስማማሁ። ለአባቴ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ውሸት ነበር፤ ግማሹ ለዚያ አስተያየቱ ስል ነው።

*

መንኮራኩሯ የምትገኘው ከጥገና ቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳዎቿ በሙሉ የተጣሉ የፍሪጅ በሮች ናቸው፤ ጎን ለጎን ተበይደው፣ ብርማ ቀለም ተቀብተው ረጅም ኮሪደር ሆነዋል። መስኮቶቿ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መስታወቶች ናቸው። ከሩቅ ስታዩዋት እውነትም ወደ ሰማይ የምትሄድ ትመስላለች። አንዱን ግድግዳ ሳብ ካደረጋችሁ ግን ከውስጡ የእንቁላል መደርደሪያ ብቅ ይላል።

ሦስተኛዋ ሰው ታላቅ እህቱ ነበረች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ መዋጮው የሚሰበሰብበትን ገጽ የምትመራው ግን እሷ ናት፤ ካሜራውንም የምትይዘው እሷው። «እትዬ» ነበር የምላት። ነገር ስታስረዳ መድኃኒት አወሳሰድ የምትነግር ትመስላለች።

«ስሚኝ፣ የእኔ እህት» አለችኝ መጀመሪያ ቀን። «በተባለው ቀን የተባለው ገንዘብ ካልሞላ፣ የተዋጣው ሁሉ ለየሰዉ ይመለሳል። ግማሽ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ሰው እንዳይረሳን በየሳምንቱ ቪዲዮ እናወጣለን። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ እትዬ።»

«እሱ አልገባውም። ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ ማጠፊያ ያወራል።»

ለእናቴ ማስረዳት ግን ከዚህ ይከብድ ነበር።

«መዋጮው ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለፊልም ነው፣ እማዬ።»

«ማን ታሞ?»

«ማንም አልታመመም። አንዲት ሴት መንኮራኩር ውስጥ ተዘግቶባት ቀርታ እሷን ለማውጣት ነው።»

«በሕይወት አለች?»

«እሱን እኮ ነው የማናውቀው።»

እናቴ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ቶሎ በሉ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱን የምትጠራው «የጨረቃው ልጅ» እያለች ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። እትዬ ሥራ ላይ ነበረች። እኔና እሱ በኮሪደሩ ወለል ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ በማጠቢያ ማሽኑ መስታወት የሚገባው ብርሃን ጉልበቱ ላይ አርፏል። ልጅ ሳለ ፊልሙ የተቋረጠ ቀን የቁም ሳጥናቸውን በር እስኪሰበር ድረስ መደብደቡን ነገረኝ። እናቱ ገርፈውት፣ በማግስቱ ደግሞ በሩን ራሱ እንዲጠግነው አድርገውታል። ዕቃ መጠገን የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

«ስለዚህ ሙያህን የሰጠችህ ካፒቴኗ ናት» አልኩት።

«እሷና የእናቴ ቀበቶ።»

ሳቅን፤ ከዚያ ዝም አልን። እጁ እጄ አጠገብ ወለሉ ላይ ነበር። አላነሳውም፣ አላቀረበውምም፤ እኔ ትንሿን ጣቴን አስጠጋሁ። መብራቱ እስኪመጣ ምንም አልተነጋገርንም። ብዙ ወንዶች ብዙ ነገር ብለውኛል፤ እኔ የወደድኩት ግን ያንን ዝምታ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደወደድኩት መደበቅ አቃተኝ፤ መደበቅም አልፈለግኩም።

*

ወደ ቪዲዮው የገባሁት ሳላስበው ነው። እሱ ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ በሩ ሲያወራ ኮሌታው ተቀልብሶ አየሁና ከጎን እጄን ሰድጄ አስተካከልኩለት። እትዬ ቪዲዮውን እንዳለ አወጣችው። በማግስቱ ደጋፊዎቹ ከጻፉት አስተያየት ውስጥ ስለ በሩ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄው ሁሉ «ያ እጅ የማን ነው?» የሚል ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ክንዴን አሳዩኝ። ቀጥሎ ፊቴን። እትዬ መዋጮው ከፍ ማለቱን ስታይ፣ «ሰው ለመንኮራኩሯ አይደለም የሚሰጠው፤ ለእናንተ ነው» አለች። እኛም ደስ አለን። ማንን ደስ አይለውም? የማላውቃቸው ሰዎች «ስናያችሁ ቀናችንን ታበሩታላችሁ» ብለው ይጽፉልን ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀስ እያለ ይቆጠቁጠኝ ጀመር። ካሜራው ሲበራ ሌላ ሰው ይሆናል። ያ ዝምተኛ ልጅ አፉ ማር ይሆናል። «ያለ እሷ ይህች መንኮራኩር ራቁቷን ነበር የምትቀረው» አለ አንድ ጊዜ፤ «እኔም ያው ነኝ።» ካሜራው ሲጠፋ ደግሞ ካቻቪቴ ፍለጋ ይሄዳል። ቆንጆ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ለደጋፊዎቹ ግን ነግሯቸዋል፤ እኔ ያወቅኩት እንደማንኛውም ሰው ቪዲዮውን ከፍቼ ነው።

«ለእኔ ለምን አትነግረኝም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ምኑን?»

«ለእነሱ የምትነግራቸውን።»

ቀላ። «አንቺን ሳይ ቃላቱ ይጠፉኛል። እዚያ ግን የማየው የካሜራውን መስታወት ነው።»

ለእኔ ያኔ ይህ መልስ ጣፋጭ ነበር። ሰው ሲወድ ሁሉም ነገር ይጣፍጠዋል።

የእናቴ ፍሪጅ ሲበላሽ እሱን ቤት ይዤው ሄድኩ። በጉልበቱ ተንበርክኮ የኋላውን ሽፋን ሲፈታ እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ታየው ጀመር።

«ልጄ፣ አንተ የምትጠግነው ፍሪጅ ነው ወይስ ኮከብ?»

«ለጊዜው የሚያበላኝ ፍሪጁ ነው፣ እማማ።»

«ጥሩ። ኮከብ የበላ ሰው አላየሁም።»

ሲሄድ በር ድረስ ሸኘችው። ተመልሳ መጥታ ሥራ የፈታች ይመስል ጠረጴዛውን መወልወል ያዘች።

«ይሄ ልጅ የምር ከፈለገሽ መጥቶ ይጠይቀኝ» አለች። «ሽማግሌ አልልም፣ ስጦታ አልልም። በር አንኳኩቶ፣ እዚህ ተቀምጦ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። አባትሽ የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ይህንኑ ነገርኩት። እንደለመደው ቀላና «እመጣለሁ» አለ። «እምልልሻለሁ፣ እመጣለሁ።» አልተጠራጠርኩትም።

*

ቀኑ እየቀረበ መጣ፤ ገንዘቡ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ ስልኳን እያየች መጋዘኑን ትዞራለች። እሱ ምግብ መብላት ተወ። አንድ ጊዜ የበሩ ማጠፊያ ላይ ግንባሩን አስደግፎ አገኘሁት። «ሰዎቹ ለዓመታት ጠብቀዋታል» አለኝ። «እኔ ደግሜ ልዘጋባት ነው።» ጀርባውን አሸሁለት። ምን ይባላል?

ቅዳሜ ጠዋት ካፒቴኗን ሆና የምትጫወተው ልጅ ስለቀረች ቱታውን እኔው ለበስኩት፤ ቁመታችን እኩል ነው። በሩ ሥር ቆሜ፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ እጅጌውን እያሳጠርኩ ነበር። እሱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የታችኛውን ማጠፊያ ያጠብቃል። እትዬ ከወዲያ ማዶ ካሜራውን ታስተካክላለች፤ የሳምንቱ ቪዲዮ ቀን ስለሆነ ልብ አላልኳትም።

ካቻቪቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስሚኝማ» አለ።

ቁልቁል አየሁት። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብሎ መስታወቱን ሳይሆን እኔን እያየ ነው።

«አግቢኝ» አለኝ።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሬ አውጥቼ እጅጌዬ ላይ ሰካኋቸው፤ አንዱ ወጋኝ። ከዚያ «እሺ» አልኩት። ድምፄ ለራሴ እንኳ የተሰማኝ በጭንቅ ነው። እሱ ግን ሰማኝ። ሲሰማኝ ፊቱ የሆነውን እስካሁን ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ተነስቶ እጄን ያዘ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ልቤ የሞላበት ጊዜ የለም።

«ወይኔ» አለች እትዬ ከወዲያ። «ድምፁ አልገባም። ማይኩ ተነቅሏል።»

ዞር አልኩ። የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል።

እሱ እጄን አልለቀቀም። አንዴ እህቱን፣ አንዴ እኔን አየ። ያን ጊዜ «ተይው» ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«እንድገመው?» አለኝ። «አንዴ ብቻ። አሁን እንዳልሽው አድርገሽ በይው፤ ትንሽ ጮክ አድርገሽ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን ወለሉ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ካቻቪቴውን አነሳ። እትዬ ማይኩን ሰካች። ስፒሎቹን ከእጅጌዬ ነቅዬ ወደ ከንፈሬ መለስኳቸው። «አግቢኝ» አለ፤ ከንፈሩ እንደ ቅድሙ ተንቀጠቀጠ። ስፒሎቹን አወጣሁ። «እሺ» አልኩ፤ ጥርት አድርጌ። ከፊተኛው ይልቅ ያምር ነበር፤ ሁሉም የሚያውቁት ያንን ነው።

ገንዘቡ እሑድ ሳይመሽ ሞላ።

*

እናቴ ዘመናዊ ስልክ የላትም። ከሥራ ስገባ ጎረቤታችን ወጥታ ስትሄድ በር ላይ ተላለፍን፤ አቅፋ ሳመችኝ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ፣ ስልኳ በእጇ ነው። ውስጥ ገባሁ። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አየሁሽ» አለችኝ።

«እማዬ...»

«ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ራት አቀረበች፤ በላን፤ ስለ ውሃ ቧንቧ አወራን። ዓይን ዓይኗን እያየ የሚነግራት ሰው ስትጠብቅ፣ ነገሩን የሰማችው በሰው ስልክ፣ መንደሩ ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። እሱ ብቻውን ነበር፤ ሲያየኝ ፊቱ በራ። ልክ እንደዚያ ስለበራ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

«ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?»

«ካሜራ ባይኖር ትጠይቀኝ ነበር?»

«እጠይቅሽ ነበር።»

«መቼ?»

ዝም አለ። የድሮው ዝምታ አልነበረም።

«ፊልሙ ሲያልቅ» አለ በመጨረሻ። «እናትሽ ጋ ሄጄ፣ በሥርዓቱ። ግን ቀኑ ደረሰ። እትዬ ካሜራ ፊት ጠይቃት አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ ያው የምጠይቃት ነገር ነው፣ ምን ልዩነት አለው አልኩ። የውሸት አይደለም እኮ! ከልቤ ነው የጠየቅኩሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለምን አስደገምከኝ?»

«ድምፁ አልገባም ነበር።»

«አንተ ሰምተኸኛል።»

«አዎ፣ እኔማ ሰምቻለሁ። እነሱ ግን አልሰሙም» አለኝ።

እንዲህ ብሎ ምን ችግር አለው በሚል ዓይን አየኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ አልገባውም ነበር። ክፉ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር። እሱ ግን አንዲትን ሴት ከተቃጠለ መንኮራኩር ለማውጣት ሲል ያለውን ሁሉ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ያለው ነገር ደግሞ እኔ ሆንኩ።

«ያችኛዋ እሺ ያንተ ነበረች» አልኩት። «ለሌላ ለማንም ያልተሰማችው። እሷ ካልበቃችህ ሌላ የለኝም።»

እንዳላገባው ነገርኩት። አልጮህኩም። ማጠፊያው አጠገብ ተቀምጦ ፊቱን በቅባታም እጁ ሸፈነ።

እትዬ ሱቅ ድረስ መጣች። ከለበሰችው ነጭ ጋዋን ጋር የነርስ ጋዋን ልታሰፋ የመጣች ነው የምትመስለው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችኝ። «አልለምንሽም፣ አልገፋሽም። ግን ፊልሙ እስኪታይ አይነገርብን። ሰዎቹ ለእናንተ ብለው ነው የሰጡት፤ ተታለልን ይላሉ።»

ቱታዎቹን ልጨርስ ቃል ገብቻለሁ፤ ሰዎቹም አልበደሉኝም። ተስማማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ልቤን የሰበረው፤ መለያየቱ አይደለም። በየሳምንቱ ቪዲዮ ነበር። መብራቱ ሲበራ እጄን ይይዛል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። «ሰርጉ ከፊልሙ በኋላ ነው» ይላል። ሲጠፋ እጃችን ይላቀቃል፤ እሱ ወደ ብየዳው፣ እኔ ወደ ስፌት መኪናዬ። ለደጋፊዎቹ ቃል የገባናቸውን ዓርማዎች ጠልፌ ሰፋሁ፣ ኪሱን በቀኝ አደረግኩ፣ ሁሉንም በደንብ ሠራሁ። አንድ ቀን ካሜራው ጠፍቶ እትዬ ከወጣች በኋላም እጄን ሳይለቅ ቆየ። አላየኝም፣ አልተናገረምም። አንድ ቃል ቢል ኖሮ ያን ቀን እሸነፍለት ነበር። አላለም። ቆይቼ እጄን ቀስ ብዬ ወሰድኩ።

*

ፊልሙ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ከየአቅጣጫው መጡ፤ ሽበታም ሰዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ቱታውን ራሳቸው ሰፍተው የለበሱም ነበሩ። የብዙዎቹን ኪስ አየሁ፤ በግራ ነው።

እናቴን ይዣት ሄድኩ። መጨረሻው ላይ አብራሪው በሩን ሲደበድብ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። በሩ ተከፈተ። ጭሱ ውስጥ አመድማ ቱታ ታየ፤ ካፒቴኗ ወጣች። ከፊቴ ያለው ሽማግሌ ባርኔጣውን አፉ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ስለ አባቴ ነው። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ወጣች» አለችኝ።

መብራቱ ሲበራ ጭብጨባው አላባራም። እሱን ወደ መድረክ አወጡት። አንዲት ሴት ከመሃል ተነስታ «ሰርጉስ መቼ ነው?» አለች፤ ሁሉም ሳቀ፣ ዞረውም ፈለጉኝ።

እትዬ ካሜራውን ይዛ ጥግ ቆማለች። እሱ የካሜራውን መስታወት አላየም።

«እሱን ለእኔና ለእሷ ተዉልን» አለ።

ሰዎቹ ቅር አላቸው፤ ማጉረምረም ነበር። ሌላ ጥያቄ ተቀበለ። እኔ ግን ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእነሱ ያልሰጣቸው ነገር ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።

ሰዉ ወጣ። እናቴን እትዬ ይዛት ወደ መኪናው ሄደች፤ ካሜራው በቦርሳው ተዘግቶ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ስታነሳው በዓይኔ አይቻለሁ። አዳራሹን እንደነበረ ማስረከብ ስላለብን እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ወንበር መደርደር ጀመርን። መሃል ላይ ተገናኘን።

በእጁ ያለውን ወንበር አስቀመጠ።

«እናትሽን አናግሬያለሁ» አለ። «ትናንት። በር አንኳኩቼ።»

«አልነገረችኝም።»

«እኔ ልንገራት ብዬ ለምኛቸው ነው። 'እሷን ጠይቃት፤ ብቻችሁን ሁኑ' አሉኝ።»

ከዚያ ዝም አለ። የድሮው ዝምታ፣ መብራት የጠፋ ቀን የነበረው፣ እሱ ራሱ ነበር። ብቻችንን ነበርን። ባዶ አዳራሽ፣ የተደራረቡ ወንበሮች፣ በላይኛው መስኮት የሚገባ የከሰዓት ፀሐይ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው።

«እወድሻለሁ» አለኝ፤ ድምፁ የተሰማኝ በጭንቅ ነው። «አግቢኝ።»

አመንኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አልተጠራጠርኩትም። ለወራት የፈለግኩት ይህንኑ ነው፤ ማንም የማይሰማው፣ ለእኔ ብቻ የሆነ ቃል። «እሺ» አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እናም ዓይኔ ከእሱ ላይ ሄደ። ሳላዘው፣ በራሱ ሄደ። ወደ በሩ፣ ወደ ጥጉ፣ ወደ መድረኩ፣ ቀይ መብራት ፍለጋ። ፊቴም ተስተካከለ፤ አገጬ ትንሽ ቀና፣ ከንፈሬ ፈገግ፣ ልክ በየሳምንቱ እንደማደርገው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት እሱ ሲያየኝ ነው።

«የለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ካሜራ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ፈለግሽው።»

አፌ ላይ የነበረውን ቃል ፈለግኩት፤ ያገኘሁት ሁለተኛውን ነው፤ ጥርት ያለውን፣ የሚያምረውን። ያንን ለእሱ ልሰጠው አልፈለግኩም። ፊተኛዋ «እሺ» ደግሞ አልመጣችም።

ጠበቀኝ። ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶታል። ያን ቀን መጋዘን ውስጥ ያልገባው ነገር አሁን ገባው፤ በገባው ሰዓት ግን ለእኔም ለእሱም አልረባንም።

ወንበሩን አነሳ። እኔም አንዱን አነሳሁ። የቀሩትን አብረን ደርድረን ጨረስን።